መጤ ፈረንጆችና የሾላ ምንጭ ርስት

የቡሬ ሰው ላቀውን «የፈረንጆቹ ላቀው» ይለው ነበር። ከዚያ በፊት «የሸማኔው ላቀው» ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣለትን ስም ደግሞ በቦታው እነግራችኋለሁ። ሰው ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ስሙ ሦስት ጊዜ ሲገላበጥ ራሱ ባይዞር ነው የሚገርመው። የላቀው ራስ ዞረ። እኔም ታሪኩን ስሰማ ዞሮብኛል፤ እናንተም ቻሉት።

አባቱ ወልደ ዮሐንስ ከመንዝ የመጣ ሸማኔ ነው። በጣሊያን ጊዜ አገሩ ሲቃጠል መወርወሪያውን በጉያው ሸጉጦ ዓባይን ተሻገረና ቡሬ ገበያ ዳር አንዲት ጎጆ ይዞ፣ ጉድጓዱን ቆፍሮ፣ እግሩን ከትቶ መሸመን ጀመረ። እጁ ወርቅ ነበር። የቡሬ ሴት ለዓመት በዓል ከሱ እጅ ያልወጣ ቀሚስ ለብሳ አደባባይ መውጣት ታፍራለች። ያችው ሴት በሱ ደጅ ስታልፍ ግን ሕፃኗን በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ ሸማኔው በዓይኑ እንዳይበላባት! ሸማውን መልበስ ነውር የለውም፣ ሸማኔውን ማየት ነው ነውሩ። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ የገባችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ከጎጆው ትንሽ ራቅ ብሎ የአንድ የመናዊ ሱቅ ነበር። የመናዊውም መጤ ነው፤ ያውም ከባሕር ማዶ፣ ያውም በሃይማኖት የማንገናኘው። ነገር ግን ጨርቁን በጣቃ፣ ጋዙን በቆርቆሮ ስለሚሸጥ ባላገሩ ሁሉ ደጁ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል። ላቀው ልጅ ሳለ አባቱን «ሁለታችሁም መጤ ከሆናችሁ ለሱ ብቻ ለምን እጅ ይነሳሉ?» ብሎ ጠይቆት ያውቃል። ወልደ ዮሐንስ ከመወርወሪያው ቀና ሳይል «እሱ ቆሞ ነው የሚሠራ፣ እኔ ጉድጓድ ውስጥ ነኝ» አለው። ልጁንም ጉድጓድ አላስገባውም። ለቄስ ሰጥቶ ፊደልና ዳዊት አስተማረው።

እናቱ ወለተ ሐና ደግሞ የወምበርማ ሴት ናት። በልጅነቷ የተዳረችው ሾላ ምንጭ ለሚኖር ዘሩ ለሚባል ባለርስት ነበር። ሾላ ምንጭ ከቡሬ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ባልና ሚስቱ ቁጥቋጦ እየመነጠሩ፣ ድንጋይ እየለቀሙ አንድ ሰፊ እርሻ አቀኑ። ልጅ ሳይወልዱ ዘሩ ጣሊያንን ሊገጥም ወጥቶ ሞተ፤ አምጥተው ሾላ ምንጭ ቀበሩት። ሙሾው እንኳ ሳይበርድ የዘሩ የወንድም ልጅ እጅጉ መጣና «አንቺ ባዳ ነሽ፤ ልጅም የለሽ። ርስቱ የዘመድ ነው» ብሎ ባዶ እጇን አባረራት። ዓይኑን በጨው አጥቦ! ቡሬ ገብታ ፈትል እየፈተለች ስትኖር፣ ፈትሏን የሚወስድላት ያ የመንዝ ሸማኔ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ ራሷንም ወሰዳት። ላቀው የተወለደው ዘሩ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ ሁለት ወጣት አሜሪካኖች ቡሬ ትምህርት ቤት ሊያስተምሩ መጡ። ላቀው ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አባቱ ሞቶ ቡሬ ከተቀበረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ዳዊት በማወቁ ታማኝ ነው ተብሎ ፈረንጆቹ ለተከራዩት ቤት ዘበኛ ሆነ። ዘበኛ ስል ካፖርትና ዱላ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ውኃ ያስቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ እጅ ያስታጥባል፣ ፈረንጅ ለማየት የሚመጣውን ሰውም ይመልሳል። ይኸኛው ከሁሉ የከፋ ሥራ ነበር።

አንደኛው ሚስተር ኬሊ ይባላል፤ ረጅም፣ ቀይ፣ ፀሐይ አፍንጫውን የላጠው። ሁለተኛው ሚስተር ቦርግ አጠር ብሎ ጠጉሩ ጥቁር፣ መልኩ ወደ ጠይምነት የሚያደላ ነው፤ የገበያ ሴቶች መጀመሪያ ሲያዩት የየመናዊው ወንድም መስሏቸው ነበር። ላቀው ፈረንጅ ሁሉ የአንድ እናት ልጅ ይመስለው ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ግን ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ አየ። ኬሊ ጫማውን አውልቆ ወደ ጥግ ይወረውራል፣ የሚያነሳ ሰው እንዳለ እርግጠኛ ነው። ቦርግ ጫማውን ራሱ ይቀባል፤ ጣሪያው ሲያፈስ መሰላል ፈልጎ ራሱ ወጣ። ኬሊ «ላቀው!» ብሎ ይጠራል፣ ቦርግ ላቀው ያለበት ድረስ ይመጣል። ላቀው ለእናቱ «አንደኛው የጌታ ልጅ ነው፣ አንደኛው የኔ ቢጤ ነው» አላት። እሷ ደግሞ «ፈረንጅ ሆኖ ያንተ ቢጤ? ሂድ ወዲያ!» ብላ ሳቀችበት።

በዚያው ሰሞን ላቀው አንዲት ልጅ ወደደ። ሽማግሌ ላከ። የልጅቱ አባት ሽማግሌዎቹን በሥርዓት አስቀምጦ፣ ጠላ አስቀድቶ ካበቃ በኋላ «ልጁ ጨዋ ነው፤ ግን በሬውን የት ላይ ይጠምዳል? መሬት ለሌለው ልጅ አልሰጥም» አለ። ስለ ሸማኔው አንድ ቃል አላነሳም፤ ማንሳት አላስፈለገውም።

ላቀው አንገቱን ደፍቶ በሰነበተ ጊዜ ነው ይርሳው የመጣው። ይርሳው የሾላ ምንጭ ሰው፣ የሟቹ የዘሩ የአጎት ልጅ ነው፤ ከእጅጉ ጋር በድንበር ተጣልቶ ደም ሊቃባ የደረሰ። የፈረንጆቹ አጥር ሥር ቁጢጥ አለና፦

«ስማ ላቀው። እናትህ የዘሩ ሚስት ነበረች፤ ይሄን አገር ያውቃል። ዘሩ ሲሞት ነፍሰ ጡር ነበረች ብትል ማን ይከራከራታል?» አለው።

«አያ ይርሳው፣ እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ ነው እኮ።»

«ዓመቱን ማን ጻፈው? በዚያ ክፉ ዘመን ማን የማንን ልደት ቆጠረ? እኔ እመሰክራለሁ። እናትህ ወንጌል መትታ ትማል። አንተ ተነስተህ ‹የዘሩ ልጅ ነኝ› ብለህ አባት ትቆጥራለህ። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ! ያን እርሻ እናትህ በጥርሷ አይደለም እንዴ የመነጠረችው?»

ይሄስ እውነት ነው። ላቀውን ያስጨነቀውም ይሄ ነው፤ ሐሰቱ ውስጥ እውነት አለ። የርስቱን ክርክር የሚያዩት ሽማግሌዎች የሚቀመጡት በአስተርእዮ ማርያም ማግሥት፣ ሾላ ምንጭ ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ነው ተባለ። ላቀው ለእናቱ ነገራት። ወለተ ሐና እንዝርቷን አላቆመችም። «አንተ ታውቃለህ» አለችው፤ ሌላ ቃል አልወጣትም።

አውቃለሁ እንዴ? እያለ ሲብሰለሰል አንድ እሑድ መምህር ገብረሰንበት ፈረንጆቹ ዘንድ ምሳ ተጠራ። ገብረሰንበት የኛው አገር ሰው፣ ድቁናውን ትቶ እንግሊዝኛ የተማረ አስተማሪ ነው። ከምሳ በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሲጨዋወቱ ኬሊ እየሳቀ፣ ደረቱን እየመታ ረጅም ወግ አወጋ። ላቀው የእጅ መታጠቢያውን እንደያዘ «ምን ይላሉ መምህር?» ብሎ ጠየቀ።

«ቅድመ አያቴ ከአየርላንድ አሜሪካ የገባው ተርቦ ነው ይላል። ድንቹ መሬት ውስጥ በስብሶበት፣ በባዶ እግሩ፣ በአንድ ሸሚዝ።»

«ታዲያ ምን ያስቀዋል?»

«ኮርቶ ነው።»

ላቀው ጆሮውን አላመነም። ሰው ረሀቡን ይደብቃል እንጂ በአደባባይ ይፎክርበታል እንዴ? «እና አሁን ምን ሆኑ?» አለ።

«አባቱ ዳኛ ነው። አጎቱ ጳጳስ ነው። ፖሊሱም ሹሙም ዘመዶቹ ናቸው። ያ ግድግዳው ላይ ፎቶግራፉ የተሰቀለው የተገደለው ፕሬዚዳንታቸውም የነሱ ዘር ነው።»

«ሚስተር ቦርግስ?»

ገብረሰንበት ጠይቆ መለሰለት። የቦርግም አያት መጤ ነው፤ ከባሕር መካከል ካለች ጠጠር ከምታህል ደሴት፣ ማልታ ከምትባል። ሁለቱም ቤተሰብ የገቡት መኪና የሚሠራበት አንድ ከተማ፣ ያውም አንድ ሰፈር ነው። ግን የኬሊ ሰዎች ቀድመው ገቡ። እነሱ ከብረው ወደ ተሻለ ሰፈር ሲወጡ የቦርግ ሰዎች ለቀው በሄዱት ቤት ተከራይተው ገቡ። ሃይማኖታቸውም አንድ ነው፣ ቤተ ክርስቲያናቸውም አንድ ነው፤ ግን የኬሊ ቤት ከፊት ለፊት ስማቸው የተጻፈበት ወንበር አላቸው፣ የቦርግ አያት ግን በመጀመሪያው ዘመን የሚያስቀድሱት ከምድር ቤት ነበር።

«ቆይ እስኪ መምህር» አለ ላቀው መታጠቢያውን መሬት አስቀምጦ። «ያም መጤ፣ ያም መጤ። ታዲያ የአገሩ ባለርስት ማነው?»

«ሌሎች ሕዝቦች ነበሩ። ተባረሩ።»

«ማን አባረራቸው?»

«ከነዚህ ሁሉ በፊት የመጡ ሌሎች መጤዎች።»

«እንግዲያ መጤው መጤውን ‹መጤ› እያለ ነው የሚኖሩት?»

ገብረሰንበት ሲተረጉምላቸው ሁለቱም ፈረንጆች ሳቁ፤ የቦርግ ሳቅ ግን ቶሎ አለቀ። ከዚያ ገብረሰንበት የጥንት ድቁናው ትዝ አለውና ጣቱን አነሳ። «ማልታ ማለት እኮ በሐዋርያት ሥራ ያለችው መላጥያ ናት! ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ የወጣባት። እፉኝት እጁን ነክሳው ያልሞተባት። የደሴቲቱ ሰዎች እሳት አንድደው የተቀበሉት።»

ላቀው አማተበ። «አየርላንድስ በመጽሐፍ አለች?»

«የለችም።»

አለቀ! ላቀው ነገሩ ሁሉ የተገለጠለት መሰለው። ሐዋርያ ያስተናገደ ዘር ከምድር ቤት ሲያስቀድስ፣ ስሙ በመጽሐፍ የሌለ ዘር ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ይሄ ግፍ እሱ ቤት አይቀጥልም! ከማግሥቱ ጀምሮ እጅ ሲያስታጥብ ከቦርግ ጀመረ። ወጥ መጀመሪያ ለቦርግ፣ ሙቅ ውኃ መጀመሪያ ለቦርግ። ቦርግ ሲገባ ይነሳል፤ ኬሊ ሲገባ ቁጭ ብሎ ዱላውን ይዳብሳል። የሰውን አጥንት በመጽሐፍ የሚመዝን እንደኛ አገር ሰው የት ይገኛል?

ኬሊ ሳምንት ታገሠና ገብረሰንበትን ጠርቶ አስጠየቀ። ምክንያቱን ሲሰማ እስኪንፈራፈር ሳቀ። ቆይቶ ግን ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋና የበለጠ ቀላ። በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናግሮ ክፍሉ ገባ። ገብረሰንበት እየከበደው ተረጎመው፦ «በአገሬ ማንም ሰው ቦርግን ከኔ አስቀድሞ አያውቅም ነው የሚለው። ሲደረግ ምን እንደሚመስል ዛሬ አየሁት ይላል።»

ቦርግ ይደሰታል ብላችሁ ይሆናል። ላቀውም እንደዚያ ብሎ ነበር። ቦርግ ግን በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እየቀባ አቀረቀረ። ፀሐይዋ ገና ሞቅ ያለች ናት። ላቀውን አጠገቡ አስቀመጠውና በዚያች ስብርባሪ አማርኛው፦

«ላቀው፣ ተው። እኔ ትልቅ ሰው አይደለሁም» አለው። «አባቴ ፋብሪካ ሄደ። ‹ስም?› አሉት። ‹ቦርግ› አለ። ሥራ የለም። ሌላ ቀን፣ ሌላ በር ሄደ። ‹ስም?› አሉት። ‹በርክ› አለ። በርክ የኬሊ ሰዎች ስም ነው። ሥራ አለ።»

ላቀው ሊያቀብለው የያዘውን የጫማ ጨርቅ ጣለው። «ስማቸውን ለወጡ?»

«ለወጠ። ቤት ገዛ። እኔ ትምህርት ቤት ገባሁ፣ በርክ ተብዬ። አያቴ ግን እምቢ። ፖስታ የሚያመጣ ሰው ‹የበርክ ቤት?› ይላል። አያቴ ‹በርክ እዚህ የለም› ትላለች። በር ትዘጋለች። ሁልጊዜ። እስክትሞት።»

«እርስዎስ? እርስዎ ቦርግ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ ወደዚህ ስመጣ ‹ቦርግ› ብዬ ጻፍኩ። አባቴ ተቆጣ። ‹እኔ ሃያ አምስት ዓመት የተሸከምኩትን አፈረስክ› አለ። አሁን ደብዳቤ አይጽፍልኝም።»

ላቀው ወደ ቦርግ ዞረ። ይህ ሰው የሱን ነገር ከየት ሰማ? ከእናቱ በቀር ለማንም አልነገረም። እግዜር ራሱ ባሕር አሻግሮ የላከለት መልስ መሰለውና ጠጋ ብሎ፣ ይርሳው የመከረውን፣ መሬቱን፣ ልጅቱን፣ ሁሉንም ዘርግፎ ነገረው። ከዚያ ጠየቀ።

«እንግዲህ ይንገሩኝ። አባትዎ ደህና አደረጉ ወይስ አጠፉ?»

ቦርግ ብሩሹን ደጋግሞ አገላበጠ።

«አላውቅም» አለ።

ላቀው ተናደደ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሊሰድበው ምንም አልቀረው። ተምሮ ተምሮ፣ ስንት ባሕር ተሻግሮ መጥቶ፣ የገዛ አባቱን ነገር አላውቅም! ኬሊም ኋላ ነገሩን ሰምቶ በገብረሰንበት በኩል መልስ ላከበት፦ «እውነቱን ተናገር። በአባትህ ኩራ።» ላቀው ይህን ሲሰማ ደግሞ ባሰበት። «ለሱ ቀላል ነው! የሱ ድህነት የቅድመ አያቱ ነው፤ የኔ የዛሬ ጧት ነው» አለ። አንዱ አላውቅም ይላል፣ አንዱ ሁሉንም ያውቃል። ሁለቱም በኔ ጫማ አልቆሙም ብሎ ዱላውን ይዞ በሩ ላይ ተቀመጠ። እንቅልፉ ጠፋ፣ ምግቡ ጠፋ፤ አንድ ቀን የዘሩ ልጅ ሆኖ ያድራል፣ በማግሥቱ የወልደ ዮሐንስ ልጅ ሆኖ ይነሳል።

ቀኑ ደረሰ። የጥር ጧት ብርድ ስለነበር ላቀው ከሳጥን ውስጥ ጋቢ አውጥቶ ለበሰ። አባቱ ከመሞቱ በፊት የሠራው የመጨረሻው ጋቢ ነው። እናትና ልጅ ወደ ሾላ ምንጭ ወጡ። እናቱ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። መንገዱ አጋማሽ ላይ ፀሐይ ወጣችና ላቀው የጋቢውን ጥለት አየው፤ አንድ ክር አልተዛነፈም። ወልደ ዮሐንስ ያን ጊዜ ዓይኑ ደክሞ ስለነበር በእጁ እየዳበሰ ነበር የሸመነው። ላቀው እንባው መጣ። «አልክደውም» አለ በልቡ። «መሬቱም ይቅር፣ ልጅቱም ትቅር። ተነስቼ የሸማኔው የወልደ ዮሐንስ ልጅ ነኝ እላለሁ፣ አለቀ።» ይህን ሲወስን ከሰውነቱ ላይ ሸክም የወረደ ያህል ቀለለው። ለእናቱ ግን አልነገራትም። ለምን አልነገራትም? እሱም አያውቅ። አፍሮ ይሆናል፤ ወይም እዚያው ስትሰማው ትኮራብኛለች ብሎ ይሆናል። ያቺን ሁለት ቃል ቢናገር ኖሮ እኔም ይህን ሁሉ አላወጋችሁም ነበር።

ደጀ ሰላሙ ሞልቷል። የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ክንፈሚካኤል መካከል ተቀምጠዋል፣ ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ። ይርሳው ቆሞ መሰከረ። እጅጉ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሳ።

«የማነው የዘሩ ልጅ? ይሄ? አገር የሚያውቀው የሸማኔ፣ የቁጢት በጣሽ ልጅ! የለበሰውን እዩት እስኪ፣ የአባቱን ሥራ ተሸክሞ ነው የመጣው!»

ሰው ሳቀ። ላቀው ሊነሳ ጉልበቱን ሰበሰበ። «አዎ» ሊል ነው፤ ቃሉ አፉ ላይ ደርሷል። አባ ክንፈሚካኤል ግን እጃቸውን ወደ እናቱ ዘረጉ።

«የማሕፀንን ነገር የምታውቅ እናት ናት። አንቺ ወለተ ሐና፣ ቅረቢ። ወንጌሉ ይኸው። በሐሰት የማለ ከክርስቶስ ማኅበር የተለየ ይሁን፣ ሲሞትም ፍትሐት አይደረግለት። ይህ ልጅ የማነው?»

ወለተ ሐና ነጠላዋን አጣፋች። ላቀው «እምዬ!» አለ፣ ድምፁ ግን በሰዉ ጫጫታ ተዋጠ። ሴትዮዋ እጇን ከወንጌሉ ላይ አሳረፈችና ጥርት ባለ ድምፅ፦

«ዘሩ ሲሞት በሆዴ ነበር። የዘሩ ልጅ ነው» አለች።

እጅጉ እንኳ ቁጭ አለ። አባ ክንፈሚካኤል ወደ ላቀው ዞሩ።

«ልጄ፣ ሥርዓት ነውና ካንተም አፍ እንስማ። አባትህ ማነው?»

ላቀው ቆመ። ጋቢው ከብዶታል። የወልደ ዮሐንስ ልጅ ነኝ ቢል እናቱ አሁን፣ እዚሁ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት በወንጌል የዋሸች፣ የተገዘተች፣ ፍትሐት የማይደረግላት ሴት ትሆናለች። የዘሩ ልጅ ነኝ ቢል ደግሞ ዓይኑ ደክሞ በዳበሳ ጋቢ የሠራለትን ሰው አልነበረም ማለቱ ነው። ወደ እናቱ አየ፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች። ያ ፈረንጅ ደረጃ ላይ ተቀምጦ «አላውቅም» ያለው ያን ጊዜ ገባው። ሰው አላውቅም የሚለው መልሱ ሲጠፋበት ብቻ አይደለም። አባ ክንፈሚካኤል ግን «አላውቅም»ን አይቀበሉም።

«ዘሩ» አለ ላቀው። «ዘሩ ነው አባቴ።»

ሽማግሌዎቹ መከሩ፣ ተማከሩ። እርሻው ለዘሩ ልጅ ለላቀው ይገባል ተባለ። ይርሳው እልል አለ፤ ወንድ ልጅ እልል ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለእጅጉ ንዴት ሲል አለው። ከዚያች ቀን ጀምሮ የላቀው ስም «ላቀው ዘሩ» ሆነ። የልጅቱም አባት በሳምንቱ «እንግዲህ ቀን እንቁረጥ» ብሎ ላከ።

ይሄ ግን ኋላ ነው። በዚያች ቀን እናትና ልጅ መንገዳቸውን ይዘው ወደ ቡሬ ሲመለሱ እርሻው ዳር ደረሱ። ጤፉ ታጭዶ ቃርሚያው ቀርቷል። ወለተ ሐና ቆም ብላ አንድ የድንጋይ ካብ በእግሯ ነካ አደረገች። «ይሄን እኔ ነኝ የካብኩት» አለች።

ላቀው ከዚያ በላይ መቻል አቃተው። «እምዬ፣ ምነው ማልሽ? እኔ እውነቱን ልናገር ነበር እኮ! መንገድ ላይ ወስኜ ነበር!»

ሴትዮዋ ዞር ብላ አየችው፤ ፊቷ ልውጥ አለ። «ታዲያ ምነው አትነግረኝም?»

«ምን አውቄ! አንቺስ ‹አንተ ታውቃለህ› ብለሽ ዝም አላልሽም?»

«ዝም ያልኩት ልቤ እምቢ ስላለኝ ነው። ኋላ ያ እጅጉ ቁጢት በጣሽ ሲልህ፣ ሰው ሲስቅብህ አየሁ። በቃ። ሌላ ነገር አላየሁም።» ካቡ ላይ ቁጭ አለች። «ኃጢአቱ የኔ ነው፣ አንተ እረስ። ንስሐ አባቴ ያውቃሉ፣ እግዜርም ያውቃል።»

ላቀው አጠገቧ ተቀመጠ። ላመስግናት? ልቆጣት? እግሯ ላይ ልውደቅ? እርሻውን ደግሞ ማየት አልቻለም፤ የሱ ሆኖ ሳለ የሰው ይመስለዋል። ከዚያ ወለተ ሐና የነጠላዋን ጫፍ እየፈተለች፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሁሉ ቀስ ብላ፦

«ዛሬ ባለርስት ሆንክ። ሾላ ምንጭም ደብርህ ሆነ» አለች። «እኔ ስሞት የት ነው የምትቀብረኝ?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ይሄ እምዬ? ከአባቴ አጠገብ ነዋ!»

እናቱ ቀና ብላ አየችው።

«ከየትኛው?»